«ኤች-ኢንዴክሱ 14 ብቻ ነው» ተባለብን፤ ትልቅ ነው ትንሽ?

የሐይቅ ዳሩ መምህር (ቅዳሜ፣ ማታ 2:10)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ግን ከፊዚክሱ ይልቅ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

ከሠፈራችን የወጣ አንድ ልጅ አለ። የእናቱን ቤትና የኛን ቤት አጥር ብቻ ነው የሚለየው። ዶክትሬቱን ውጭ አገር በሕዋ ፊዚክስ ሠርቶ እዚያው ቀረ። ሰሞኑን እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ታላቅ እህቱ ደስ ብሏት ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈችና «ከዓለም ታላላቅ ሳይንቲስቶች አንዱ፣ የሐይቅ ልጅ» ብላ ጻፈችበት። እስከዚህ ሰላም ነው። ማታ ላይ ውጭ የሚኖር አንድ ዘመዳቸው ከሥሩ ገባና «ፈልጌ አየሁት፣ ኤች-ኢንዴክሱ 14 ብቻ ነው፣ አታጋኑ» አለ። በቃ፣ ቤቱ ተረበሸ። እናትየው ትናንት ቡና ላይ ጠሩኝና «አንተ መምህር፣ 14 ምንድን ነው? 14ኛ ወጣ ነው ወይስ ከመቶ 14 አገኘ?» አሉኝ። ፊዚክስ ስለማስተምር የማውቀው መስሏቸዋል።

የልጁን የጉግል ስኮላር ገጽ ከፈትኩት፣ የተመራማሪዎች ጽሑፍ የሚዘረዘርበት ነው። 38 ጽሑፍ፣ 690 ሳይቴሽን (ሌሎች በጽሑፋቸው የጠቀሱት ብዛት)፣ ኤች-ኢንዴክስ 14፣ አይ10-ኢንዴክስ 19 ይላል። የመጀመሪያ ጽሑፉ የዛሬ 11 ዓመት የወጣ ነው። ልጁን ራሱን ልጠይቀው አፈርኩ። የምታውቁ አስረዱኝ፣ ለእናትየው የምመልሰው ይኑረኝ።

---

ሸዋበር (ቅዳሜ፣ ማታ 2:31)

«ከመቶ 14» ያሉት እናት ይኑሩልን! እኔ የእግር ቁጥር መስሎኝ ነበር።

---

ኮምቦልቻ ታች ሰፈር (ቅዳሜ፣ ማታ 3:05)

መምህር፣ አብሽር፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰውየው የጻፋቸውን ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ከተጠቀሰው ጀምረው ወደ ታች ይደርድሯቸው። ስድስት ጽሑፍ አለው እንበል። 40፣ 22፣ 9፣ 6፣ 5 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰውለታል። አሁን ከላይ ቁጠሩ። አምስተኛው ጽሑፍ ላይ ስንደርስ 5 ጊዜ ተጠቅሷል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉት። ስድስተኛው 6 ያስፈልገው ነበር፣ ያለው 2 ነው። እዚያ ላይ ይቆማል። ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው። አይ10 የሚባለው ደግሞ ከ10 ጊዜ ያላነሰ የተጠቀሱትን ብቻ ይቆጥራል፤ ለዚህ ሰው 2 ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያ የመጀመሪያው 40 ነገ 4,000 ቢሆን ኤች-ኢንዴክሱ ያው 5 ነው። አንድ ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው በዚህ ሚዛን ብዙ አይከብድም።

መለኪያውን ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል ካሊፎርኒያ የሚያስተምር የፊዚክስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። በዚያው ጽሑፉ ላይ አንድ የፊዚክስ ተመራማሪ ከ20 ዓመት ሥራ በኋላ 20 ከደረሰ ተሳክቶለታል፣ 40 ከደረሰ ደግሞ እጅግ የላቀ ነው ብሎ ገምቷል። በእሱ ስሌት በዓመት አንድ አንድ ከጨመርክ ደህና ነህ ማለት ነው። የናንተ ልጅ በ11 ዓመት 14። እንግዲህ ዘመድዬው «ብቻ» የምትለዋን ቃል ከየት እንዳመጣት እሱ ይወቅ።

---

ቁጥር አይዋሽም (ቅዳሜ፣ ማታ 3:40)

ልጁን ለማሳነስ አይደለም፣ ግን ዘመድየውም እውነት አለው። «ከዓለም ታላላቅ አንዱ» ሲባል ሰው ይመዘናል። የሕክምና ተመራማሪዎችን እዩ፣ 60፣ 80፣ ከ100 በላይ ያላቸው አሉ። 14 ጥሩ ጅምር ነው። ጥሩ ጅምር ደግሞ ጥሩ ጅምር ተብሎ ይጻፋል።

---

የላስታ ሰማይ (ቅዳሜ፣ ማታ 4:22)

ቁጥር አይዋሽም ወንድሜ፣ የሰኞ ገበያን ሽያጭ ከመርካቶ ጋር አስተያይተህ የደሴን ነጋዴ ሰነፍ አልከው እኮ! ሕክምና ላይ በየቀኑ የሚጽፈው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ሁሉም ሌላውን ይጠቅሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይከመራል። የሕዋ ፊዚክስ ትንሽ መንደር ናት። ከመንደሯ ውስጥ ደግሞ የምድር ወገብ አካባቢ አዮኖስፌርን (በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የያዘውን የላይኛውን አየር) የሚያጠናው ይበልጥ ትንሽ ነው፤ ጉባኤ ላይ ስትሄድ ያው ፊቶች ናቸው። ሂርሽ ራሱ የባዮሎጂ ሰዎች ቁጥር ከፊዚክስ ሰዎች እንደሚበልጥ ያኔውኑ ጽፎታል።

እኔም በዚሁ ዘርፍ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልለፍልፍ።

ለምን የኛ አገር ልጆች ይህን ዘርፍ እንደሚመርጡ ታውቃላችሁ? መሬት ሁለት ወገብ አላት። አንዱ ካርታ ላይ የምናውቀው ነው። ሌላው የማግኔት ወገብ ነው፣ ኮምፓስ መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል ዝም ብሎ የሚተኛበት መስመር። እሱ በአገራችን ላይ ያልፋል፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ። በዚያ መስመር አናት ላይ 100 እና 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ኤሌክትሮጄት ይባላል። ስፋቱ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ሦስት ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደሴ ከቀበቶው ውስጥ ነች። ጦሳ ላይ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ይህ ጅረት ከአናታችሁ በላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አዮኖስፌር ውስጥ እንደ አረፋ ያለ ባዶ ቦታ እየተፈጠረ ወደላይ ይወጣል፤ ጂፒኤስ የሚሳሳተውና የሳተላይት ሲግናል የሚንቀጠቀጠው በዚያ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ከጓሮው ማየት አይችልም። እኛ እንችላለን።

ሰኔ 14 ቀን 2012ን የምታስታውሱ? እሑድ ጠዋት፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሆነችበት። የኔ አክስት ከብቶቹ ወደ በረት ሊመለሱ ቆመው ነበር ትላለች። በዚያ ቀን ግርዶሹ ባለፈበት መስመር ሁሉ አዮኖስፌር ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን መጠን መቀነሱን ከጂፒኤስ ዳታ ያሳዩ ብዙ ጽሑፎች ወጥተዋል። የመምህሩ ጎረቤት ልጅ ስለዚያ ጽፎ ከሆነ እኔ ሳልጠቅሰው አልቀርም።

---

የሐይቅ ዳሩ መምህር (እሑድ፣ ጠዋት 1:15)

ጽፏል! ስለ ግርዶሹ አንድ ጽሑፍ አለው። ገጹ ላይ 4 ሳይቴሽን ይላል። ብዙ የተጠቀሰለት ሌላ ነው፣ 112 ጊዜ፤ እሱ ላይ ግን ስሙ ዘጠነኛ ነው። ይህስ ይቆጠራል?

---

ቧንቧ ውሃ (እሑድ፣ ጠዋት 2:50)

ይቆጠራል። ያ ነው ጉዱ። ጉግል ስኮላር አንደኛ ሁን ዘጠነኛ አይለይም፣ ለሁሉም እኩል ይሰጣል። እኛ አገር ማዕረግ ስትጠይቅ ግን ኮሚቴው ስምህ ስንተኛ ላይ እንዳለ ያያል።

ያ 112ቱ ምናልባት የመሣሪያ ጽሑፍ ይሆናል። በዚህ ዘርፍ አንድ ሳተላይት ሲመጥቅ ወይም የማግኔቶሜትር (የማግኔት መለኪያ) መረብ ሲተከል መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዳታውን የተጠቀመ ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። ሁሉም ሰው አንብቦት ላይሆን ይችላል፣ ግን ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቁት የቴሚስ ሳተላይቶች ጽሑፍ እንዲያ ነው። አይአርአይ የሚባለው የአዮኖስፌር ሞዴልም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ የሕዋ ፊዚክስ ሰው ገጽ ስታይ ከላይ ያሉት ሦስት አራት ጽሑፎች የመሣሪያና የሞዴል ከሆኑ፣ የሰውየውን የራሱን ሐሳብ ለማግኘት ወደ ታች መውረድ አለብህ።

---

ጡረተኛው (እሑድ፣ ጠዋት 4:05)

ልጆች፣ ጽሑፋችሁን አነበብኩት። እኔ መሣሪያ ነበር የማስተካክለው፣ ሳይንቲስት አይደለሁም። አንድ ነገር ልጨምር።

አዲስ አበባ ያለው የጂኦማግኔት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመ ነው፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ጊዜ። ከማግኔት ወገብ አጠገብ ያለ ጣቢያ ስለሆነ የዓለም ሰው ዳታውን ሲጠቀምበት ኖሯል። እንግዲህ ያን መሣሪያ ሌትም ቀንም የጠበቀው፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የቀየረው፣ ሲበላሽ በእጁ የፈታው ሰው የት ነው የሚጻፈው? ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ለምስጋና» የምትል አንዲት አንቀጽ አለች። እዚያ ነው። ምስጋና ደግሞ ሳይቴሽን ውስጥ አይገባም። እኔ ስሜ ሦስት ጊዜ ተመስግኗል፤ አንዱ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል።

አሁን አሁን ትልልቆቹ ጆርናሎች ዳታውንም እንደ ጽሑፍ ጥቀሱ ማለት ጀምረዋል። ይሁን፣ ለናንተ ይድረስ።

---

ሸዋበር (እሑድ፣ ጠዋት 4:12)

ጋሼ፣ አሏህ ዕድሜ ይስጥዎ። የአባትዎን ስም ማን ብለው ጻፉት?

---

ጡረተኛው (እሑድ፣ ጠዋት 4:30)

ይመርን ኢመራ አሉት። ጣልያን አደረጉኝ።

---

የቦሩ ልጅ (እሑድ፣ ከሰዓት 8:17)

ስም ተነሳ፣ እኔም ልናገር! የወሎ ሰው ሳይቴሽን ግማሹ የሚጠፋው ስም ላይ ነው፤ ወላሂ የምሬን ነው።

በፈረንጅ ሥርዓት የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው። የኛ የአባት ስም ነው። ስለዚህ የተጠቀስኩት እኔ ሳልሆን አባቴ ነው! በዚያ ላይ የኛ አካባቢ ስም ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አሊ፣ ሰይድ፣ ሁሴን፣ አሕመድ፣ ሞሐመድ። አንድ ሰይድ አሊ የሚባል ልጅ ጽሑፍ ሲያወጣ ስሙ «አሊ፣ ኤስ.» ይሆናል። ከፓኪስታን እስከ ግብፅ ስንት «አሊ፣ ኤስ.» አለ? ሞሐመድ የሆነ ደግሞ በላቲን ፊደል አንዱ ጆርናል ላይ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው ላይ በሁለት፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ዩ» ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። የሦስቱ ሰዎች ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ አይደመርም።

እኔ የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይ ጆርናሉ ስሜን ገልብጦ አወጣው። አርሙልኝ ብዬ ሦስት ኢሜይል ላክሁ። መልስ የለም። ያ ጽሑፍ እስካሁን በአባቴ ስም እንደ ሙት ልጅ ተቀምጧል።

መፍትሔው ኦርኪድ ነው። አበባው አይደለም! ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፣ በነጻ ነው። ስምህ በየትኛውም ፊደል ይጻፍ ቁጥሩ ያንተ ነው። ለሁሉም ጀማሪ የምለው ነገር፣ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስክትሞቱ እሱን ያዙ።

መምህር፣ የጎረቤትዎ ልጅ ስሙ ከነዚህ ውስጥ ከሆነ ገጹን ደግመው ይዩት።

---

ቁጥር አይዋሽም (እሑድ፣ ማታ 1:48)

ሁላችሁም ቁጥርን መስደብ ጀመራችሁ። እሺ፣ እኔም የማውቀውን ልናገር። ማዕረግ የሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ቁጥር ከመምጣቱ በፊት እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ከማን ጋር ቡና ጠጣ፣ ከማን ሠፈር መጣ፣ ስብሰባ ላይ ማንን አስቀየመ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ሁለት ግሩም ጽሑፍ ይዞ መጥቶ «ገና ነው» ተብሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን የሚጠቀስ ቁጥር ቢኖረው ኖሮ አንደራደርም ነበር። ለዝምተኛ ሰው ቁጥር ምስክር ነው። እናንተ የምትሰድቡት ይህን ነው።

ማጭበርበር አለ፣ አልክድም። ራሱን በራሱ እየጠቀሰ የሚያሳብጥ አለ። ተቧድነው እኔን ጥቀስ እኔም ልጥቀስህ የሚባባሉ አሉ። በከፈልክ በሳምንት የሚያወጡ ጆርናሎችም አሉ። እኔ ራሴ ወጣት ሆኜ ለአንዱ 150 ዶላር ልኬ፣ በዓመቱ ድረገጹ ከነጽሑፌ ጠፋ። ብሩን የተበደርኩት ከወንድሜ ነበር፣ እሱ እስካሁን ያነሳብኛል። ግን ሌባ አለ ብለን ሚዛን አንጥልም፣ ሚዛኑን እንፈትሻለን እንጂ።

---

የላስታ ሰማይ (እሑድ፣ ማታ 2:20)

ይህን አልተቃወምኩም። ዝምተኛው ልጅ ያልከው ገባኝ፣ እኔም እሱ ነኝ። የኔ ቅሬታ ሚዛኑ ቀርፋፋ መሆኑ ላይ ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1958 ከፀሐይ የሚነፍስ ነፋስ አለ ብሎ ሲጽፍ የገመገሙት ሁለቱም ሰዎች አይሆንም አሉ። የጆርናሉ አዘጋጅ ቻንድራሴካር ነበር፤ እሱም በሐሳቡ አልተዋጠለትም፣ ግን የሒሳብ ስህተት ስላላገኘበት አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1962 ማሪነር 2 ወደ ቬኑስ ስትሄድ ነፋሱን ለካችው። በ2018 በስሙ የተሰየመ መንኮራኩር ወደ ፀሐይ ተላከ፤ ፓርከር በሕይወት ኖሮ ሲመጥቅ አየ። እስቲ በ1959 ፓርከር እናንተ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ስንት ሳይቴሽን ይኖረው ነበር?

ሂርሽም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2020 የገዛ መለኪያው ክፉኛ ሊሳሳት እንደሚችልና ያልታሰበ ጉዳት እንደሚያደርስ ጽፏል።

---

ቁጥር አይዋሽም (እሑድ፣ ማታ 2:33)

ፓርከርን እናሳልፈው ነበር። ሌላ ሁለት ጽሑፍ ጨምር ብለን።

---

ኮምቦልቻ ታች ሰፈር (እሑድ፣ ማታ 2:41)

ከዚህ ሁሉ ላይ ያልተነሳው ክፍተት ነው። የኔን ገጽ ብታዩ በኛ አቆጣጠር 2014 እና 2015 ላይ ምንም የለም። ባዶ። የሚያይ ሰው ሰነፈ ይላል። በጦርነቱ ጊዜ ኮምቦልቻን ለቅቀን ስንወጣ ኮምፒውተሬን ቤት ትቼ ወጣሁ፤ ስመለስ በሩም የለም። የአራት ዓመት ዳታ እዚያ ላይ ነበር። ጥሬው ዳታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ ተመስገን፣ የኔ ዘርፍ ጥሩነቱ እሱ ነው። ግን እሱን መልሶ ማውረድ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ኔትወርኩ ደግሞ አልነበረም። ሠንጠረዡ ላይ ግን ያው ዜሮ ነው የሚታየው።

በሉ ደህና እደሩ።

---

ሰኞ ማለዳ (ሰኞ፣ ጠዋት 12:50)

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ያስተማሯቸው ተማሪዎች ተቆጥረው ቢሆን፣ መምህር፣ የሠፈራችሁ ኤች-ኢንዴክስ ያኔ ነበር የሚያልቀው።

---

የሐይቅ ዳሩ መምህር (ማክሰኞ፣ ማታ 3:30)

ተመልሻለሁ። ብዙ ነገር ሆነ።

የቦሩ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። እንዳልሽው ገጹን ደግሜ አየሁት። ስሙ ከጠራሻቸው አንዱ ነው። ከ38ቱ ጽሑፎች ውስጥ ሦስቱ ስለ ላም ጡት በሽታ ናቸው! የአዮኖስፌር ሰው፣ የላም ጡት። አፍሬም ቢሆን አጥር ላይ ጠርቼ ነገርኩት። ሳቀና «ጉግል ራሱ እየጨመረ ነው፣ አምስት ዓመት ሆነኝ ካየሁት» አለ። እሑድ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን በስልኬ ኔትወርክ አጸዳነው።

ሦስቱ የላም ጽሑፎች 31፣ 18 እና 15 ጊዜ ተጠቅሰው ነበር። ሲወጡ ኤች-ኢንዴክሱ ከ14 ወደ 12 ወረደ። ከዚያ በሌላ አጻጻፍ የጠፉ አምስት ጽሑፎቹን አገኘን፤ ሁለቱ 20 እና 17 ጊዜ ተጠቅሰዋል፣ ሌሎቹ ጥቂት ጥቂት። 13 ሆነ። ማለትም ጽሑፉ ከ38 ወደ 40 ከፍ ብሎ ኤች-ኢንዴክሱ በአንድ ቀነሰ። ዘመድየው ቢሰማ ደስ ይለዋል።

ከሥራዎችህ የምትወደው የቱን ነው አልኩት። ሳያመነታ ያቺን 4 ሳይቴሽን ያላትን የግርዶሽ ጽሑፍ አሳየኝ። በዚያ ቀን ኮሮና ስለነበር መምጣት አልቻለም፤ እናቱ እዚህ ግቢ ቆመው በስልክ «አሁን ጥላው ቀላ፣ አሁን በረደ፣ ዶሮዎቹ ዝም አሉ» እያሉ ነግረውታል። ሰዓቱን እየመዘገበ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ምስጋናው ውስጥ የእናቱ ስም አለ። ጡረተኛው ጋሼ፣ እዚያ ላይ ስደርስ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የእናትየው አባት ስም ግን በትክክል ተጽፏል።

ለእናትየው በቡናው ላይ ነገርኳቸው። ኤች-ኢንዴክሱን ለማስረዳት ሲኒዎቹን ደረደርኩ። እስከ ሦስተኛው ሲኒ ተከተሉኝና «ተወው፣ ስሜ አለ ያልከኝን አሳየኝ» አሉ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ማንበብ አይችሉም፤ ስልኬን ተቀብለው ግን ብዙ አዩት።

---

የላስታ ሰማይ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:44)

መምህር፣ የጽሑፉን ሊንክ ይላኩልኝ። ሦስተኛው ምዕራፌ ስለዚያው ግርዶሽ ነው፣ እንዲህ ያለ የመሬት ላይ ሰዓት ስፈልግ ነው የከረምኩት። አምስተኛዋ ሳይቴሽን የኔ ትሆናለች።

---

ሸዋበር (ማክሰኞ፣ ማታ 3:51)

የፌስቡኩስ ነገር? «ከዓለም ታላላቅ አንዱ» የሚለው ተስተካከለ?

---

የሐይቅ ዳሩ መምህር (ማክሰኞ፣ ማታ 4:02)

ልጁ እህቱን አጥፊው ብሎ ለመናት። «ላይኩ 2 ሺህ ገብቷል፣ እንዴት ላጥፋው» ብላ እምቢ አለች።

ሊንኩን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ ላስታ።